ለታይፒስቷ ያልጻፍኩት አንቀጽ

ኮምፒዩተር ማንም አላስተማረኝም። ትምህርት ቤት የገባሁት እስከ ስምንተኛ ክፍል ነው፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን ሁሉ ራሴ ነኝ ያወቅሁት። ወደ ጋምቤላ የመጣሁት የጽሕፈት መኪና ጠጋኝ ሆኜ ነው። ሬዲዮም ይሁን የማባዣ ማሽን ወይም ጄነሬተር እጄ ገብቶ ሳይድን የወጣ አላስታውስም። ክልሉ ክልል ከሆነ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ለመሥሪያ ቤታችን የመጀመሪያው ኮምፒዩተር ታሽጎ መጣ። ዲግሪ ያላቸው ሰዎች ዙሪያውን ቆመው ሲያዩት ካርቶኑን በቢላ ቀድጄ ገመዶቹን ያገጣጠምኩት እኔ ነኝ። ይህን ስናገር ዛሬም ደረቴ ይነፋል። ይነፋ፤ እውነት ነው።

ውሸቱ ሌላ ቦታ ነው ያለው፤ እደርስበታለሁ።

ኮምፒዩተሩ የተቀመጠባት ክፍል ቀድሞ የወረቀት መጋዘን ነበረች። ቁልፏን የምይዘው እኔ ነበርኩ። ጫማ ሳያወልቅ የሚገባ የለም፤ የጋምቤላ አቧራ ማሽን እንዴት እንደሚገድል ከእኔ በላይ የሚያውቅ አልነበረምና። ሌላም ያልተጻፈ ደንብ ነበር። በመሥሪያ ቤታችን የጽሕፈት መኪና የሴት፣ ኮምፒዩተር የወንድ ሆኖ ነበር። ማን እንደ ደነገገው አላውቅም፤ ሁለቱም የሚሠሩት በጣት ነው። እኔም ደንቡን አላወጣሁትም፣ ግን ቁልፉ በኪሴ ነበር።

ድረ ገጽ መሥራት የተማርኩት አዲስ አበባ ያለ ዘመዴ ፎቶ ኮፒ አድርጎ ከላከልኝ አንድ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ነው። በአንድ እጄ መጽሐፉን፣ በሌላው መዝገበ ቃላት ይዤ ከዳር እስከ ዳር ጨረስኩት። ያን ጊዜ ጋምቤላ ውስጥ ኢንተርኔት አልነበረም። ኢንተርኔት የሚባለውን ነገር በዓይኔ ሳላየው ድረ ገጽ መሥራት ቻልኩ፤ ወንዝ ሳያይ ጀልባ እንደሚሠራ ሰው ማለት ነው። እንዲህ ያደረገ ሌላ ሰው ካለ ይምጣና እጁን ልጨብጠው።

አንድ ቀን የመሥሪያ ቤታችን ኃላፊ ጠሩኝና ክልላችንን የሚያስተዋውቅ ድረ ገጽ እንድሠራ አዘዙኝ። ሥራው በፍሎፒ ዲስክ ተይዞ አዲስ አበባ ይሄዳል፤ ኢንተርኔት ላይ የሚጭኑት እዚያ ነው። ድረ ገጹን የሠራው ሰው ደግሞ ሦስት ወር ሠልጥኖ ይመለሳል፤ ሲመለስ የኮምፒዩተር ክፍል ኃላፊ ይሆናል። የተፈቀደልን አንድ ሰው መላክ ብቻ ነበር።

እኔ በሁለት ጣት ነው የምተይበው፣ ጽሑፉ ደግሞ ብዙ ነበር። ስለዚህ ታይፒስቷን ሰጡኝ። የኢታንግ ልጅ ናት፣ አኙዋ፤ ቀጭን፣ ረጅም፣ ዝምተኛ። አማርኛን የተማረችው ትምህርት ቤት ስለሆነ አንቱታ አይገባትም ነበር፤ ኃላፊውንም ዘበኛውንም እኔንም አንተ ነበር የምትለን። ወንዶቹ ይስቁባታል። ኃላፊውን «ጋሼ፣ ፈርም» ስትላቸው ቢሮው በሳቅ ይፈርሳል። እሷ ግን ፊቷ አይለወጥም፤ ወረቀቱን እንደያዘች እስኪፈርሙ ትጠብቃለች።

መጀመሪያ የሰጠኋትን ብቻ ትተይብ ነበር። በምሳ ሰዓት እኔ ምግብ ቤት ስሄድ ያን ፎቶ ኮፒ መጽሐፍ ታነባለች። ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ስህተቴን ታርም ጀመር። ኮድ የሚባለው ለኮምፒዩተሩ የሚጻፈው ትእዛዝ ነው፤ ሰው የሚያየው ገጹን እንጂ ኮዱን አይደለም። እኔ እንደመጣልኝ አከታትዬ እጽፋለሁ። እሷ እንደ መንግሥት ደብዳቤ በመስመር ትደረድረዋለች፣ ገባ ወጣ ታደርገዋለች፣ በየአንቀጹ ክፍተት ትተዋለች። በዚህ ጊዜ ማባከን ለምን እንዳስፈለጋት ጠየቅኋት። የሚያየው የለም አልኳት።

«እኔ አየዋለሁ እኮ» አለች።

ለቢሮው ወንዶች ይህን ድምጿን እያስመሰልኩ ነግሬ አሳቅኋቸው። የኮምፒዩተሩን ቤት እያስተካከለች ነው አልኳቸው፤ ነገ ምንጣፍ ታነጥፍለታለች አለ አንዱ። በሩ ክፍት ነበር፤ ሰምታለች።

በዚያ ዘመን የአማርኛ ፊደል በሌላ ሰው ኮምፒዩተር ላይ አይታይም ነበር፤ የተዘበራረቀ ምልክት ይሆናል። ስለዚህ የአማርኛውን ጽሑፍ በሙሉ እንደ ፎቶ አድርገን ነበር ገጹ ላይ የምናስገባው። የባሮ ድልድይ፣ የአልዌሮ ግድብ፣ ዓሣ የያዙ ሰዎች፣ ርእሶቹ፣ ሁሉም ሥዕል ነበር። በእኔ ማሽን ላይ ስከፍተው ያምራል። እያንዳንዱን ሥዕል የት እንደሚገኝ በኮዱ ውስጥ የጻፍኩት እኔ ነኝ።

አንድ ጠዋት ዲስኩን ሳትነግረኝ ይዛ መንገድ ተሻግራ፣ ፊት ለፊት ባለው መሥሪያ ቤት ኮምፒዩተር ላይ ሞክራው መጣች።

«ባዶ ነው ጋሼ» አለችኝ። «ሳጥን ብቻ ነው። ወንዙም የለም።»

የታመመው የእነሱ ማሽን ነው አልኳት። አይደለም አለች። ሥዕሉን ከእኔ ኮምፒዩተር ውስጥ እንዲፈልግ አድርጌ ስለጻፍኩት በሌላ ሰው ኮምፒዩተር ላይ ሊያገኘው እንደማይችል አስረዳችኝ። ዛሬ ማንም ጀማሪ የሚያውቀው ነገር ነው፤ እንግዳ ጠርቶ ምግቡን በቁም ሣጥን ቆልፎ እንደመሄድ ያለ ስህተት ነው። ያን ቀን ግን የሰማሁት ስህተቴን ሳይሆን ዲስኬን ያለፈቃድ መውሰዷን ነበር። ተቆጣሁ። ኮዱን እንዳለ ተውኩት፤ እሷንም ያለ እኔ ወደ ኮምፒዩተሩ ክፍል እንዳትገባ ከለከልኳት። ከዚያ ወዲያ በምሳ ሰዓት መንገድ እየተሻገረች ፊት ለፊት ወዳለው መሥሪያ ቤት ስትገባ አያት ነበር።

ኃላፊው ማን እንደሚላክ ሊወስኑ ሲጠሩኝ፣ ስለ እሷ የጠየቁት እሳቸው ናቸው፤ ይህን መካድ አልችልም። ልጅቷም አብራህ ትሠራ የለም ወይ አሉኝ።

«ትተይባለች፣ ጌታዬ» አልኩ።

በዚያች አንዲት ቃል አለቀ። ሴት ልጅ ሦስት ወር አዲስ አበባ ማን ዘንድ ትቀመጣለች ሲሉ እኔም ራሴን ነቀነቅሁ። ከዚያ ለሥልጠና የሚላከውን ሰው የሚያሳውቀውን ደብዳቤ ረቂቅ ራሴ እንድጽፍ ነገሩኝ።

ረቂቅ በእጅ ተጽፎ ለታይፒስት ይሰጣል። መሥሪያ ቤታችን ውስጥ ከእሷ እጅ ሳያልፍ የሚወጣ ደብዳቤ የለም። ድረ ገጹን ብቻዬን አስቤ፣ ብቻዬን ሠርቼ እንዳጠናቀቅሁ ጻፍኩ፤ ታይፒስቷ በጽሕፈት እንደረዳችኝም ጨመርኩ። ይህን ስጨምር ለጋስ የሆንኩ መስሎኝ ነበር። ወስጄ ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጥኩትና ልወጣ ስል እግሬ በሩ ላይ ቆመ።

ሦስት ወረቀት በካርቦን አደራርባ አስገባች። መምታት ጀመረች። የእሷን ምት አውቀዋለሁ፤ በቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ ዝናብ ነው፣ አያቋርጥም። አንድ ቦታ ላይ ቆመ። የት እንደሆነ አውቃለሁ። ከዚያ ቀጠለ። ሲያልቅ እንደ ደንቡ ከግርጌ በስተግራ የጸሐፊዋን ምልክት፣ የስሟንና የአባቷን ስም የመጀመሪያ ፊደላት፣ መትታ ወረቀቱን አወጣችና ሰጠችኝ።

«አንብበው ጋሼ። ስህተት ካለው አስተካክላለሁ።»

ቆሜ አነበብኩት። ዓይኗን አላነሳችም።

«የለውም» አልኩ።

የምሄድ ቀን በአውሮፕላን ማረፊያው መኪና ላይ ስወጣ መጣችና በፖስታ የታሸገ አንድ ዲስክ ሰጠችኝ። ከተቸገርክ ክፈተው አለችኝ። እንደማልቸገር አውቅ ስለነበር ከሻንጣዬ ሥር ከተትኩት።

ሥልጠናው አዳራሽ ውስጥ ከየቦታው የመጣነው ሁላችንም ወንዶች ነበርን። በሩ ላይ ስማችንን የመዘገበችን ሴት ናት፣ ሻይ የሚያቀርቡልንም ሴቶች ናቸው። ያን ቀን ይህን ልብ አላልኩትም፤ ልብ ያልኩት ዘግይቼ ነው። ተራዬ ደርሶ ዲስኬ በአዳራሹ ትልቅ ስክሪን ላይ ሲከፈት ከላይ እስከ ታች ባዶ ሳጥን ሆነ። በየሳጥኑ ጥግ ትንሽ ቀይ ምልክት አለ። አንዱ ከኋላ፣ የጋምቤላ ሙቀት ሥዕሉን አቅልጦታል አለና አዳራሹ ሳቀ። ሌላ ቅጂ አለኝ ብዬ ወደ ሻንጣዬ ሄድኩ።

የእሷን ዲስክ ሲከፍቱት የባሮ ድልድይ መጣ። ግድቡ መጣ። አማርኛው መጣ። አንድም የጎደለ የለም። አሠልጣኙ ወጣት ነበር፤ ገጹን ካየ በኋላ ኮዱን ከፈተውና ወደ ታች እየወረደ ተመለከተው። ሌሎቹንም እንዲያዩ ጠራቸው።

«እንዲህ ነው የሚጻፈው» አለ። «በኋላ የሚመጣ ሰው ሳይደናገር እንዲያነበው። ማነው የጻፈው?»

«እኔ» አልኩ።

ተጨበጨበልኝ። ጭብጨባው አሁንም አንዳንድ ቀን ይመጣብኛል፤ ስበላ ይመጣል፣ ሸሚዝ ስቆልፍ ይመጣል።

ስመለስ የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። ሥዕሎቹ ታዩ ወይ አለች። ታዩ አልኳት። ሁሉም አለች። ሁሉም አልኩ። ራሷን ነቅንቃ ወደ ጽሕፈት መኪናዋ ዞረች። ብዙ ሳትቆይ ሥራዋን ለቅቃ ኢታንግ ለአንድ የእርዳታ ድርጅት ተቀጠረች።

እኔ የክፍል ኃላፊ ሆንኩ። ቁልፉ፣ ማሽኑ፣ የሚሽከረከረው ወንበር የእኔ ሆኑ። ዕድገቱ ይገባኝ ነበር፤ ካርቶኑን የቀደድኩት እኔ ነኝ። ነገር ግን ገጹ ላይ አንድ ነገር ለመለወጥ ስነካው ሌላው ይፈርሳል፤ አስተካከልኩ ብዬ ዞር ስል ባዶ ነው ጋሼ የሚለኝ የለም። የቢሮው ወንዶች ስለ ኮድ ሳወራ ያዛጋሉ። ከእሷ በቀር ያን መጽሐፍ ያነበበ ሰው በከተማው እንደሌለ የገባኝ ያኔ ነው። ጫማዬን አውልቄ እገባለሁ፣ በሩን እዘጋለሁ፣ የማነጋግረው ሰው የለም።

አንድ በጋ ጄነሬተር ልጠግን በሚል ሰበብ ኢታንግ ሄድኩ። ቢሮዋን ጠይቄ አገኘሁት። ኮምፒዩተሩ ፊት የተቀመጠችው ሌላ ሴት ናት፤ አንዲት ሌላም አጠገቧ ቆማለች። እሷ ወንበሩን ለቅቃ ከኋላ ሆና በጣቷ ታሳያቸዋለች። ሳቅ ነበር። እኔ ስገባ ሳቁ ቆመ።

«ይግቡ፣ ጋሼ። ይቀመጡ» አለችኝ።

አንቱታ ተምራለች። እንደዚያ ቀን አንተ መባል አምሮኝ አያውቅም።

ልነግራት የሄድኩትን መናገር አቃተኝ። በምትኩ ስለ አዲስ አበባ፣ አሠልጣኙ ኮዱን እንዴት እንዳደነቀው አወራሁላት። ስጨርስ ዲስኩን የሰጠሁዎት ለእርስዎ ብዬ አይደለም አለች።

«እዚያ ላይ ባዶ ሳጥን የሚሆነው የእኔ አገር ነው። እዚያ ወንዝ ላይ ነው ያደግሁት።»

ከዚያ ሳትለማመጥ አንድ ነገር ጠየቀችኝ። ድርጅቷ አንድ ሠራተኛ ለኮምፒዩተር ትምህርት ሊልክ ነው፤ ቀድሞ የሠራችውን የሚመሰክር ደብዳቤ ያስፈልጋታል። አንድ አንቀጽ ይበቃል አለች። ገጾቹን እሷ እንደሠራቻቸው ብቻ። በሳምንቱ እልካለሁ አልኳት፤ ከልቤ ነበር።

ጋምቤላ ተመልሼ ረቂቁን ጻፍኩ። «በእኔ መሪነት» ብሎ ጀመረ። ቀደድኩት። ሁለተኛው «እኔ ባስተማርኳት መሠረት» ብሎ ጀመረ። ቀደድኩት። ሦስተኛው ትክክል ነበር፤ እሱን ግን ለአዲሷ ታይፒስት መስጠት ነበረብኝ። ከእሷ እጅ ሳያልፍ የሚወጣ ደብዳቤ የለም። እስከ ምሳ ሰዓት ቢሮው በሙሉ ይሰማል፤ ወንበሩም፣ ጭብጨባውም የማን እንደነበረ። ረቂቁን መሳቢያ ውስጥ ከተትኩትና ቁልፉን ኪሴ አደረግሁ። ሳምንቱ ወር ሆነ፣ ወሩም ክረምት ሆነ። በመጨረሻ ሰው ልኬ ሳስጠይቅ ኢታንግ የለችም ተባልኩ። ድርጅቱ ሌላ ሰው ልኮ ነበር፤ እሷም ሥራውን ትታ ወጥታለች። ወዴት እንደሄደች የነገረኝ የለም።

አሁን ጡረታ ወጥቼ እዚሁ ጋምቤላ፣ ኒውላንድ በሚባለው ሰፈር ብቻዬን እኖራለሁ። የሰፈሩ ሰው አባባ ኢንተርኔት ይለኛል፤ ስልካቸው ሲበላሽ ይመጣሉ፣ ሲሠራ ይሄዳሉ። ዘንድሮም ከእጄ ሳይድን የወጣ ስልክ የለም። በጋምቤላ የመጀመሪያውን ድረ ገጽ የሠራሁት እኔ ነኝ ብዬ ለስንት ሰው እንደተናገርኩ ቁጥሩን አላውቀውም። ከዚህ ወዲያ እንዳልናገረው፣ ከመሳቢያው ያወጣሁትን ሦስተኛውን ረቂቅ እዚህ እገለብጠዋለሁ። በሁለት ጣት፣ ቀስ ብዬ፣ በመስመር ደርድሬ፤ ከግርጌም በጸሐፊው ምልክት ቦታ የእሷን ሳይሆን የራሴን ፊደላት አድርጌ።

ለሚመለከተው ሁሉ፦ ክልላችንን ለማስተዋወቅ የተዘጋጁትን ገጾች፣ ከመጀመሪያው ሥዕል እስከ መጨረሻው መስመር፣ በትክክል እንዲታዩ አድርጋ የሠራችው የመሥሪያ ቤታችን ታይፒስት ናት። ለሥልጠና መላክ የሚገባት እሷ ነበረች። በእሷ ቦታ የሄድኩት እኔ ነኝ።