ከመሠዊያው ሥር የተነሳ ጫማ

ያንጂ ከእኔ ጋር በረዷማው ተራራ ግርጌ፣ የተራራ ወጪዎቹ ካምፕ ወጥ ቤት መሥራት ከጀመረች ዘጠኝ ዓመት ሆናት። ባሏን እዚያ ማዶ ያለው የተሰነጣጠቀ በረዶ በልቶባታል። ስለዚህ የድንኳናችን በር ወደ ቁልቁለቱ ካልዞረ ድስት አትጥድም፤ ያን በረዶ ማየት አትፈልግም። ምላሷ ግን አይጣል ነው! "አንተ ጊያልዘን፣ ድንቹን ላጠው አልኩህ እንጂ ግደለው አልኩህ?" ትለኛለች።

የምትመካው በአንድ ልጇ ነው። ዳፉቲ ካትማንዱ ነርስነት ትማራለች። ያንጂ ላገኘችው ሁሉ፣ "የኔ ልጅ ይህን በረዶ አትረግጥም!" ትላለች።

ዘንድሮ የፈረንጆቹ ቡድን ከመውጣቱ በፊት ላማው፣ መነኩሴያችን፣ ሊጸልይ መጣ። የሚወጣ ሁሉ ጫማውንና የበረዶ መጥረቢያውን ከድንጋዩ መሠዊያ ሥር ደረደረ፤ እኛ ዘንድ ሳይባረክ የሚወጣ የለም። ያንጂ የገብስ ዱቄቱን በሰሃን ይዛ ቆማለች። ያን ጠዋት ከታች ከደረሱት የተራራ መንገድ መሪዎች አንዷ ኮፍያዋን አውልቃ ጫማዋን አስቀመጠች።

ዳፉቲ ናት! ክው አልኩ። ያንጂማ ፊቷ ላይ ደም የሚባል አልቀረም።

"አንቺ… እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?"

"መሪ ሆኛለሁ፣ እማ። ፈረንጆቹን ይዤ እወጣለሁ።"

"ትምህርቱስ?"

"ካቆምኩ ሁለት ዓመት አለፈኝ።"

"መርፌ ወጋሁ፣ አዋለድኩ ያልሽኝስ?"

"ዋሸሁሽ።"

ያንጂ ሰሃኑን ለእኔ አስታቅፋ ጫማውን ብድግ አደረገችው። ኧረ ጉድ! ጸሎት ሳያልቅ ከዚያ ዕቃ የሚያነሳ ሰው በዕድሜዬ አይቼ አላውቅም። ላማው ከበሮውን አቆመ። ፈረንጆቹ ወጋችን መስሏቸው ፎቶ ያነሳሉ፤ እንዴት እንደበገንኩ!

"ሳይባረክም ቢሆን እወጣለሁ" አለች ዳፉቲ። ከቦታዋም ንቅንቅ አላለችም።

ያንጂ ጫማውን አቅፋ ቆመች። ልጇን ማስቀረት አትችልም፤ የምትችለው ምርቃቱን መንፈግ ብቻ ነው። ቀስ ብላ መልሳ አስቀመጠችው፤ ማሰሪያውንም አስተካከለችለት።

ጸሎቱ ሲያልቅ፣ ጸጉርህ እስኪሸብት ኑር እየተባባልን ዱቄት ጉንጭ ላይ እንቀባባለን፤ ወጉ በጣት ጫፍ ነው። ያንጂ ግን ሰሃኑን ከእጄ ቀምታ እንዳለ ልጇ አናት ላይ ገለበጠችው። ከዚያ በሁለት እጇ ያን ጥቁር ጸጉር ታሸው ጀመር፤ አንዲት ዘለላ እንኳ ሳትነጣ እንዳትቀር።

"እኔን አስቀድሚኝ" አለቻት። "ሰማሽ? እኔን አስቀድሚኝ!"