የቀዩና የሰማያዊው ጦር ድልድይ

ወደ ላሊበላ እንግዳ መምጣቱን ካቆመ ወዲህ አስጎብኚው ልጄ ቀኑን በቤት ማሳለፍ ጀመረ። ይሠራበት የነበረው ሆቴል ሲዘጋ አንድ አሮጌ ኮምፒውተር ተሰጥቶት ነበር፤ በውስጡ ካሉት ጨዋታዎች የሚወደው አንዱን ብቻ ነው። ባሕር ማዶ ያለች አንዲት አገር ለሁለት ተከፍላ እርስ በርሷ ስትዋጋ የሚያሳይ፣ ሥዕሉ እንደ ሰፌድ ስፌት በትንንሽ ነቁጦች የተሞላ የድሮ ጨዋታ ነው። በአንድ ወገን ቀይ ጦር፣ በሌላው ሰማያዊ። ተጫዋቹ አስቀድሞ በካርታው ላይ ጦሩን ያሰማራል፤ ሁለቱ ሲገናኙ ደግሞ ካርታው ይጠፋና ወታደሮቹን በገዛ ጣቱ ያዋጋል።

እኔ ዕድሜዬን በመንገድ ሥራ መሥሪያ ቤት የጨረስሁ ጡረተኛ ነኝ። ከጋሸና በሚመጣው መንገድ ላይ ካሉት ድልድዮች የአንዱን መሠረት ቆሜ ያሠራሁት እኔ ነኝ፤ ዛሬም ክረምት በወጣ ቁጥር ደኅንነቱን ሳልጠይቅ አላልፍም። ስለዚህ በጨዋታው ዐይኔን የሳበው ወታደሩ ሳይሆን ወንዙ ነበር። ልጄ ሁልጊዜ አስቀድሞ ድልድዩን ያፈርሳል።

«ነገ አንተስ በምን ልትሻገር ነው?» አልሁት።

«አባዬ ደግሞ! እስከ ነገ ማን ያደርሰዋል?»

ባለቤቴ ከጓዳ ሆና ሳቀች። «ሁለት ጄኔራል ስቀልብ ልኑር! አንዱ አፍራሽ፣ አንዱ ጠጋኝ!»

ሳቋ ቶሎ ቆመ። ያን ሰሞን ከሙጃ ከተማ የሚመጡ ገበያተኞች ወደ እኛ ስለሚቀርበው ጦርነት ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ማውራት ጀምረው ነበር፤ የሰፈራችን ጎረምሶችም አንድ በአንድ ወደ ውጊያው ይሄዱ ነበር። ልጄም መሄድ እንደሚፈልግ ነግሮናል። «ሳይመርቁኝ ግን ከደጅ አልወጣም» ብሎ ምሎልኛል። በእኛ ዘንድ መንገደኛ የወላጁን ጉልበት ስሞ፣ ተመርቆ ነው የሚወጣው። ሌላ ልጅ የለንምና ምርቃቴን ከለከልሁት።

አንድ ከሰዓት በኋላ «እስኪ አንዴ ይግጠሙኝ» አለኝ። ቀዩን ጦር ሰጠኝ። እኔ አላጠቃሁም፤ ያለኝን ወታደር ሁሉ ድልድዩ ላይ አቆምሁ። እሱ ፈረሰኞቹን ወደ ላይ፣ ውኃው ወደሚሳሳበት መልካ ወሰዳቸው፤ ተሻግረው በጀርባዬ መጡ።

«ሁሉንም እዚህ አቁመው ቤቱን ማን ይጠብቅልዎ?» አለ፤ ድልድዩም ፈረሰ።

ከዚያ ኮምፒውተሩን አጠፋ። ከዚያ በፊት አድርጎት በማያውቀው ሁኔታ ገመዱን ነቅሎ በጥንቃቄ ጠቀለለው። ከወንበሩ ተነሣና ጎንበስ ብሎ ጉልበቴን ሳመ። አባቱን አሸንፎ ይቅርታ የጠየቀ መሰለኝ። እጄ እንደ ልማዱ ራሱ ላይ አረፈ፤ ምላሴም እንደ ልማዱ ቀጠለ፤ «እደግ፣ ተመንደግ። ከክፉ ይሰውርህ። ወጥተህ ግባ።»

«አሜን» አለ። ድምፁ ለጨዋታ የሚሆን አልነበረም።

ባለቤቴ ከጓዳ ብቅ አለች። «ምን አደረጉ?» አለችኝ። ከአፍ የወጣ ምርቃት ተመልሶ አይገባም።

ልጄ ደጁ ላይ ተቀምጦ የጫማውን ማሰሪያ ሲያጠብቅ ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር። ከጋሸና በኩል ግን እንደ ነጎድጓድ ያለ ድምፅ መጣ።

«ድልድዩ ፈርሶ ይሆን?» አልሁት።

ሌላኛውን ጫማ ማሰር ጀመረ።