ጥጢትን ያመጣኋት እኔ ነኝ

ጅዳ፣ ጃሚዓ ሰፈር ሰው ቤት ስሠራ ከማዳም ልጆች ሁሉ ትንሿ የእኔ ነበረች። እኔ ካላጎረስኳት አትበላም፤ እኔ ተረት ካልነገርኳት ከምሳ በኋላ ጋደም አትልም። የማውቀውን የጦጣና የቀበሮ ተረት ሁሉ በተሰባበረ ዓረብኛዬ ጨረስኩላት። ሲያልቅብኝ ምን ላድርግ? ከራሴ ማውጣት ጀመርኩ።

ከባሕሩ ማዶ ግመሎቿ ክንፍ ያላቸው፣ ወንዞቿ ወተት የሆኑ አገር አለች አልኳት። በዚያች አገር አንበሳን የሚፈራ የለም። የምትፈራው ጥጢት ናት። ጥጢት ከጥንቸል ትንሽ ትበልጣለች፤ ጸጉሯ የተባዘተ ጥጥ ነው፤ ዓይኗ እንባ ያቀረረ ይመስላል። መንገድ ዳር ኩርምት ብላ ትቀመጣለች። «ውይ፣ ስታምር!» ብሎ የዳሰሳት ሰው ግን አለቀለት። አፏ ሆዷ ላይ ነው፤ ከዳር እስከ ዳር ይከፈታል። ስንቱን ጀግና ከነፈረሱ ውጣ ተመልሳ ኩርምት ትላለች። ወላሂ፣ ስነግራት እኔንም ፈራ ፈራ አለኝ፤ ደግሞም ኮራሁ።

ምን አውቄ! መካ የሚኖሩት አያቷ ለካ አዲስ ድመት ገዝተዋል፤ ነጭ፣ ጸጉራም፣ ዓይኗ እርጥብ። ልጅቷ በስልክ አየቻትና «ጥጢት!» ብላ ቤቱን በጩኸት አናጋችው።

የእኔ ጉዳይ ደግሞ እዚህ ጋ ነው። ወሎ ያለ ዘመድ «ሳዑዲ ናት» ሲሉት ካዕባ ደጃፍ የምኖር ይመስለዋል። መካ ከጅዳ በመኪና ቅርብ ናት፤ እኔ ግን ዓይኔን ጥዬባት አላውቅም። እነሱ ሲሄዱ እኔ ቤት ጠባቂ። በዚያ ሰሞን የማዳም ልብ ራራና «ልጅቷን አያቷ ጋ ትተን አብረሽን ዑምራ ታደርጊያለሽ» አለችኝ። ካዕባን ልዞር ነው! ደስታዬን አልችለው አልኩ። ልጅቷ ግን ጥጢት ያለችበት ቤት አልቀርም አለች። ማዳምም «ካለቀሰች አንቺም አብረሻት ትቀሪያለሽ፣ ኸላስ» ብላ ቆረጠችው። ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮሃል ማለት ይኼ ነው።

«የእኔ እመቤት፣ ተረት እኮ ነው፤ ውሸት ነው» አልኳት።

«የዋሸሽኝ ያኔ ነው ወይስ አሁን?» አለችኝ። ምላሷ! በእኔ ወጥታ ነው።

እንግዲህ ያመጣኋትን አውሬ ራሴ መጣል ነበረብኝ። በእኛ አገር ትልቅ ሰው ያማረ ልጅ ሲያይ ዓይን እንዳይበላው «ማሻአላህ» ብሎ እንትፍ እንትፍ ይልበታል። ጥጢት አቅም ያላት ዝም ብሎ በሚያደንቃት ሰው ላይ ብቻ ነው አልኳት። ማሻአላህ ብለሽ እንትፍ ካልሽባት አፏ ይቆለፋል፤ ተራ ድመት ሆና ትቀራለች። በትራስ ተለማመድን። እንትፍ የሚባለው በደረቅ ከንፈር ነው ብል ማን ሰምቶኝ፤ ትራሱ በምራቅ ራሰ።

ቀኑ ደረሰ። ጅዳ ላይ ለዑምራው በልቤ ነይቼ፣ ታጥቤ ኢህራም ገብቼ ወጣሁ። አያቷ ቤት ስንገባ ድመቷ ምንጣፉ መሐል ኩርምት ብላለች። ልጅቷ ቀሚሴን ጨመደደችው። ማዳም እኔን ታየኛለች። ያ ረቢ፣ እዚህ ድረስ አምጥተህ አትመልሰኝ አልኩ በሆዴ።

ልጅቷ ቀሚሴን ለቀቀች። ሄዳ ድመቷ ፊት ቆመችና «ማሻአላህ!» ብላ፣ አፏ ሙሉ ምራቅ ግንባሯ ላይ አሳረፈችባት። ድመቷ ዘላ ሶፋ ሥር ገባች። አለቀልኝ፣ የአሮጊቷ ድመት ላይ አስተፋሁ አልኩ።

አያቷ ግን በሳቅ ፍርስ አሉ። «መጥተው የሚያደንቋት ሁሉ ማሻአላህ ሳይሉ ነው። ዓይን ሊበላት ነበር እኮ! ያወቀችው ይቺ ልጅ ብቻ ናት» ብለው ሳሟት።

ልጅቷ ወደ እኔ ዞረች። «ተቆለፈች። ያላ፣ ሂጂ አንቺ፤ አያቴን እኔ እጠብቃታለሁ።»

ጀግናዬ! እልል ልል ምንም አልቀረኝም።

ሐረም፣ የካዕባ መስጊድ ስንገባ ማዳም «እስክነግርሽ ቀና እንዳትዪ» አለችኝ። መሬት መሬት እያየሁ ተከተልኳት። «አሁን» አለች። ቀና አልኩ። ካዕባ ፊት ለፊቴ ነበረች። ያጠናሁት ዱዓ ሁሉ ከአእምሮዬ ጠፋ። በዙሪያዬ ሰው ለጠራው ጌታ «ለበይክ» እያለ ይመልሳል፤ የእኔ ምላስ ተሳሰረ፤ እንባዬ አላሳይ አለኝ። ከዚያ ልጅ ሆኜ እናቴ ስትጠራኝ እንደምለው፣ ጮክ ብዬ «አቤት!» አልኩ። «አቤት ጌታዬ! መጣሁ!»

ማዳም ዞር ብላ አየችኝ፤ ምን እንዳልኩ አልገባትም። የጠራኝ ግን ሰምቶኛል።