እህቴ በሰፌድ የነዳችው አውቶቡስ

ከዚህ በፊት ምንም ጽፌ አላውቅም። ትምህርቴም ስድስተኛ ክፍል ላይ ቆሟል። ዛሬ ግን በምሠራበት መዋዕለ ሕፃናት መደርደሪያ ስወለውል አንድ የሥዕል መጽሐፍ እጄ ላይ ቀረ። ሙጫና እርጥብ ወረቀት ይሸታል። ሽፋኑ ላይ አንዲት ልጅ በርጩማ ላይ ተቀምጣ፣ ሰፌድ እንደ መኪና መሪ ይዛ ትነዳለች። መጽሐፉን አውቀዋለሁ።

ሰላ ድንጋይ ከተማ ሦስተኛ ክፍል ስማር፣ ትምህርት ቤት ውስጥ ድምፄን የሰማ ሰው አልነበረም። መምህራችን ስሜን ሲጠሩ እጄን ብቻ አወጣ ነበር። ሰኔ ሲቃረብ ጠሩኝና ያንን መጽሐፍ ሰጡኝ።

«ነገ ክፍሉ ፊት ቆመሽ ታነቢዋለሽ። ስታነቢ ሳልሰማ አራተኛ ክፍል ላሳልፍሽ አልችልም።»

አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

ቤት ስደርስ ታላቅ እህቴ ስንዴ ታበጥራለች። እሷ ትምህርት ቤት አልገባችም፤ ከሁለታችን አንዳችን ቤት መዋል ነበረብን፣ ታላቅ ስለሆነች እሷ ቀረች። መጽሐፉን ከእጄ ቀማችኝና ሥዕሉን አየችው።

«ይቺ ልጅ እኮ የያዘችው ሰፌድ ነው» አለች።

ለእሷ መጽሐፍ ማለት ትእዛዝ ነበር፤ የተሳለው ሁሉ መደረግ ያለበት ይመስላታል። ስንዴውን ቁና ውስጥ ገልብጣ፣ ሰፌዱን ይዛ መደቡ ላይ ወጣች።

«እኔ የአውቶቡሱ ሹፌር፣ አንቺ ረዳት ነሽ።»

«እኔ አልችልም።»

«ረዳት ካልጮኸ ማን ይሳፈራል? ባዶውን ልንዳው?»

ባናውን፣ ያንን በግ በግ የሚሸት ወፍራም የሱፍ ብርድ ልብሳችንን፣ ከመደቡ እስከ ምሰሶው ወጥራ፣ ወደ ደብረ ሲና መኪና የሚያልፍበትን የጣርማ በርን ዋሻ ሠራች። ገባን። ጨለማ ነው፤ በአንዲት ቀዳዳ ቀጭን ብርሃን ብቻ ይገባል። እህቴ በከንፈሯ ሞተሩን አስነሣች። እዚያ ማንም አያየኝም።

«ደብረ ሲና! ደብረ ሲና አንድ ሰው የቀረው!» ብዬ ጮህኩ።

የገዛ ድምፄ አስደነገጠኝ። ደግሜ ጮህኩ። ይሄኔ እናታችን ገብታ ባናውን ገለጠችው። መገረፋችን ነው ብዬ ተኮራመትኩ። እሷ ግን ቆማ አየችንና «ሹፌሯ፣ ስትደርሺ ሰፌዴን አምጪ። ስንዴው መናኸሪያ ቀርቷል» አለችና ባናውን መልሳ ጣለችብን።

ከዚያ በኋላ መጽሐፉን በቀዳዳው ብርሃን፣ በረዳት ድምፅ አነበብኩት። እያንዳንዱ ገጽ አንድ ፌርማታ ሆነ። እህቴ በየፌርማታው ፍሬን ትይዛለች።

በማግስቱ ሰሌዳው ፊት ቆምኩ። ሁሉም ያዩኛል። አንድ እጄን የአውቶቡስ በር እንደያዘ ሰው ከፍ አደረግሁና የመጀመሪያውን መስመር ጮኼ አነበብኩ። ክፍሉ በሳቅ ሞላ፤ መምህራችንም ሳቁ። አላቆምኩም። ተሳፋሪ ሳቀ ተብሎ መኪና መሀል መንገድ አይቆምም። እስከ መጨረሻው ገጽ ድረስ አደረስኳቸው፤ አራተኛ ክፍልም ገባሁ።

ዛሬ እዚህ መዋዕለ ሕፃናቱ ውስጥ ወላጆች እንዲህ ያለውን መጽሐፍ ገልጠው «ጨዋታ ብቻ ነው፣ ምን ያስተምራል?» ይላሉ። እኔ ወለሉን እየወለወልኩ እሰማቸዋለሁ። መልሱን ግን አውቀዋለሁ። ያ መጽሐፍ ቤተ መንግሥት ቢያሳየን ኖሮ አይተን እንከድነው ነበር። የቤታችንን ሰፌድ ስላሳየን ተነሥተን ነዳነው። ዛሬ ያለኝ ድምፅ ከዚያ የመጣ ነው።

እህቴ ፊደል ሳትቆጥር አደገች። ሩቅ ከተማ ሥራ አግኝታ ስትሄድ ደብረ ብርሃን መናኸሪያ ሸኘኋት፤ ከዚያ ወዲህ አልተያየንም። ጠዋቱ ጉም ነበር፣ የናፍጣ ሽታና የረዳቶች ጩኸት። ያነበብኩት እኔ ብሆንም የነዳሽው አንቺ ነሽ ልላት ሁለት ጊዜ አፌን ከፈትኩ። ሁለቴም «ቦርሳሽን ጠበቅ አድርገሽ ያዢ» ብቻ አልኳት። እሷ በመስኮቱ አየችኝና ሁለት እጆቿን ሰፌድ እንደያዘች አድርጋ ከፍ አደረገች።

«በይ ረዳት፣ በሩን ዝጊው» አለችኝ።