መርፌው ጾም ያስገድፋል?

ሞጣ ከተዛወርኩ ወዲህ፣ ታካሚ ከማስተማሬ በፊት «በስንት ሰዓት እህል ይቀምሳሉ?» ብዬ እጠይቃለሁ። ባልደረቦቼ ይስቁብኛል። ይሳቁ። እነሱ የኔታን አላስተማሩም።

ያኔ ቢቸና ነበርኩ፤ ችኩል ነርስ። የኔታ ቅኔ ሲያስተምሩ ያረጁ ሰው ናቸው። ስኳር ተገኝቶባቸው ሆስፒታላችን ተኝተው ከረሙና ኢንሱሊን እቤታቸው ራሳቸው እየወጉ እንዲኖሩ ተወሰነ። ሑዳዴ ሊገባ ሦስት ቀን ቀርቶታል። ማስተማሩ የእኔ ድርሻ ነበር። «ታካሚው ለመማር ዝግጁ ነው?» የሚል ቅጽ አለን፤ መጀመሪያ ስለ ኑሯቸውና ስለ ሐሳባቸው ጠይቀን የምንሞላው። እኔ ጥያቄውን ዘልዬ ወደ ትምህርቱ ገባሁ።

«ጠዋት ይወጋሉ፤ ግማሽ ሰዓት ቆይተው ይበላሉ» አልኳቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙኝ። ከዚያ መጠኑን፣ የሚወጋበትን ቦታ፣ የሚበሉበትን ሰዓት አንዲት ቃል ሳይስቱ አወረዱልኝ። ዕድሜያቸውን ሙሉ በቃል የተማሩ ሰው ናቸውና። ልቤ ቅቤ ጠጣ። ባለቤታቸው ግን ጥግ ላይ ተቀምጠው እሳቸውን ብቻ ያያሉ። አተያያቸው ደስ አላለኝም፤ ቢሆንም ምነው ብዬ አልጠየቅኳቸውም።

የኔታ ሊወጡ ሲሉ ከበሩ ተመለሱ።

«ልጄ፣ ይሄ መርፌ ጾም ያስገድፋል?»

ሳቄ መጣ። «ኧረ የኔታ፣ መርፌ እኮ ምግብ አይደለም። አያስገድፍም።»

ፊታቸው በራ፤ እጄን ይዘው መረቁኝ። ባለቤታቸው አንድ ነገር ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ፤ እሳቸው «በይ እንሂድ» ሲሏቸው ተከተሏቸው። ቅጹ ላይ «አዎ» የሚለው ጋ ምልክት አድርጌ ቀጣዩን ታካሚ ጠራሁ።

ጾሙ በገባ በሁለተኛው ቀን፣ ከሰዓት በኋላ፣ በቃሬዛ አመጧቸው። ነጠላቸው በላብ ርሷል። ስኳራቸው መሬት ወርዷል። ግሉኮስ ሰጠናቸው፤ ስማቸውን እየጠራሁ ጉንጫቸውን መታ መታ አደረግኩ። አልነቁም። ማታውን አረፉ።

ባለቤታቸው ኮሪደሩ ላይ ቆመው ነበር። ቢቆጡኝ በተሻለኝ።

«ጠዋት እንዳልሽው ወጉ» አሉኝ ቀስ ብለው። «እህል ግን ቅዳሴ ሳይወጣ አይሆንም አሉ። ግማሽ ሰዓት ቆይተው ይበላሉ ብላዎት የለም ወይ ብላቸው፣ እሱማ ለፍስክ ነው፤ የጾሙን ልጅቷን ጠይቄያታለሁ አሉኝ።»