ሰማያዊው ፈሳሽ የቀላ ዕለት

ሰማያዊ ነገር ባየሁ ቁጥር የፈላ ሽንት ይሸተኛል። ይህን ለደንበኛ አልናገርም፤ ጨርቅ ነጋዴ ነኝ።

በደርግ ጊዜ፣ እኔ ገና ልጅ ሆኜ፣ አባቴ አቃቂ ባቡር ጣቢያው አጠገብ ትንሽ ሱቅ ነበረችው። የሰፈሩ ሰው ስኳር ፍለጋ ቀበሌ ሱቅ ደጃፍ ሲሰለፍ፣ አባቴን ጤና ጣቢያ «ስኳር አለብህ» አሉት። ጎረቤቱ ሁሉ «እኛ በኩፖን ያጣነውን አንተ ከየት አመጣኸው?» እያለ ቀለደበት። እሱም አብሮ ሳቀ። ከዚያ በየወሩ እንዲመረመር ቀጠሮ ተያዘለት።

አባቴ ምርመራውን የተቀበለው እንደ ዋጋ ተቆጣጣሪ ነው። ተቆጣጣሪ ይመጣል ሲባል ሱቁ ይጠረጋል፣ ዋጋ ይለጠፋል፣ የሚደበቀው ይደበቃል፤ ሰውዬው ሲሄድ ሁሉም ወደ ቦታው ይመለሳል። ቀጠሮው ሲቃረብም እንዲሁ ነው፦ ሻይ ያለ ስኳር፣ ቴምር ክልክል፣ ምሳ ጎመን። ውጤቱን ሰምተን እንደወጣን ግን እጄን ይዞ በቀጥታ ኬክ ቤት። ባለቤቱ ወዳጁ ስለነበር ለሻዩ ስኳር አይሰስትለትም።

እኔ የምወደው ምርመራውን ነበር። የጤና ጣቢያዋ ሲስተር ሰማያዊውን ፈሳሽ በመስታወት ቱቦ ቀድታ፣ ሽንት ጠብ ታደርግበትና እሳት ላይ ታፈላዋለች። ስኳር ከሌለ ሰማያዊ እንደሆነ ይቀራል፤ ካለ አረንጓዴ፣ ከዚያ ቢጫ፣ ሲብስ እንደ ጡብ ይቀላል ብላኛለች። የአባቴ ሁልጊዜ ሰማያዊ ነው። እሷ «ጎበዝ!» ትለዋለች፤ እኔ አዝናለሁ። ቀዩን ለማየት ሞቼ ነበር።

አንድ ቀን አባቴ እያነከሰ ገባ። የእግር ጣቱ ላይ የነበረው ቁስል አልድን ብሎ ጠቁሯል። ሲስተር ሰማያዊውን ቱቦ አየች፣ ጣቱን አየች፣ ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

«ማሙሽ፣ ከዚህ ስትወጡ ወዴት ነው የምትሄዱት?»

«ኬክ ቤት!»

አባቴ ጉሮሮውን ጠረገ።

«እንግዲያው ዛሬም ሂዱ» አለች። «ጋሽ ሰይድ፣ እንደ ልማድዎ ሻይዎን በስኳር ይጠጡና ሁለት ሰዓት ያህል ቆይተው ይመለሱ።»

«ሲስተር፣ ይሄ እኮ ወጥመድ ነው!»

«ያጠመዱትማ እርስዎ ነዎት። የያዘው ግን እግርዎን ነው።»

ተመለስን። ፈሳሹ አረንጓዴ ሆነ፣ ቢጫ ሆነ፣ ከዚያ ጡብ መሰለ። እኔ በደስታ አጨበጨብኩ። አባቴ ቱቦውን ተቀብሎ፣ ሐሰተኛ ብር እንደሚመረምር ሰው ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞረው።

«እግሬ ይቆረጣል?» አላት ቀስ ብሎ።

«ከዛሬ ጀምሮ ካልዋሹኝ ላይቆረጥ ይችላል።»

ጣቱ ሄደች፤ እግሩ ተረፈ። ከዚያ በኋላ በኬክ ቤቱ ደጃፍ ስናልፍ ሁለታችንም ወደ ሌላ ወገን እናይ ነበር።

ዛሬ ተራው የእኔ ነው። በቀደም ሳምንቱን ሙሉ ጎመን ስበላ ከርሜ፣ ደረቴን ነፍቼ ለምርመራ ገባሁ። ደም የቀዳችኝ ልጅ ሳቀችብኝ። «አባባ፣ ይሄኛው እኮ ያለፉትን ሦስት ወራት ስኳር ነው የሚያሳየው!» እሳት የለ፣ ቀለም የለ፣ የሚያጨበጭብ የለ፤ ቁጥር ብቻ። ሦስት ወር ወደኋላ ከሚያይ ተቆጣጣሪ ጋር አባቴ ምን ብሎ ይደራደር ነበር?

ስወጣ ማዶ ኬክ ቤት አለ። ወደ ሌላ ወገን እያየሁ አለፍኩ።