ዓይናችንን ጨፍነን ያየነው ፊልም

በሰው አገር በምኖርባት ትንሽ የወደብ ከተማ፣ ሙቀት ሲሆን ጀልባዎች በሚታሰሩበት ዳርቻ ዘጋቢ ፊልም በነጻ ያሳያሉ። ባለፈው ሳምንት ሹራቤን ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጌ ከሰው መሃል እንደተቀመጥኩ፣ ከጄኔሬተሩ የወጣው የቤንዚን ሽታ ከውኃው ሽታ ጋር ተቀላቅሎ ሲመጣብኝ ፊልሙን ትቼ በሐሳብ ያደግሁባት የወለጋ ከተማ፣ ኡኬ ገባሁ።

ልጅ ሳለሁ በበጋ፣ የቡና ለቀማው ሲያበቃ፣ ከነቀምቴ አንዲት የመንግሥት መኪና ትመጣና ከከተማችን ግርጌ ባለው ወንዝ ዳር፣ በሁለት የሾላ ዛፎች መካከል ነጭ አቡጀዲ ተወጥሮ ስለ ወባ፣ ስለ ከብት ክትባት፣ ስለ ንጹሕ ውኃ የሚያስተምር ፊልም ይታይ ነበር። አባቴ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ስለነበር ሲኒማ የሚባል ነገር ቤታችን ውስጥ ስሙም አይነሳ። አንድ ዓመት ግን ሾፌሩ አርጆ ላይ ምንጭ ሲቆፈር የተቀረጸ ፊልም ይዞ መምጣቱን ገበያ ውስጥ አወራ። እናቴ የአርጆ ልጅ ናት። ያን ምንጭ ከቆፈሩት አንዱ ወንድሟ፣ እኔ ኤሱማ የምለው አጎቴ ነበር፤ ክረምቱን ሞቶባት አንዲት ፎቶግራፍ እንኳ አልቀረላትም።

«አንዴ ፊቱን ልየው» ብቻ አለች። አባቴ ሲያስብበት ሰንብቶ፣ በጸሎት ከተከፈተ ሲኒማ ሳይሆን ትምህርት ነው ብሎ ፈረደ።

ፀሐይ እንደገባች ሰዉ በርጩማውን ይዞ ወረደ፤ አባቴም ባርኔጣውን አውልቆ ጀመረ። እኛ ዘንድ አሜን ሳይባል ዓይን አይገለጥም፤ ቤት ቢቃጠል እንኳ። ስለ ዝናቡ ጸለየ፣ ስለ ሾፌሩ መንገድ፣ ስለ መኪናዋ ጎማ። ትንፋሽ ሊስብ ጋብ ሲል፣ ለአገሩ እንግዳ የሆነው የማሽኑ ሠራተኛ ያበቃ መስሎት ፊልሙን ለቀቀው። የተጨፈነ ዓይኔ ላይ ብርሃን ተርገበገበ፤ የአካፋ ድምፅ፣ ሳቅ፣ ከዚያም ጉሮሮውን ጠርጎ «አከም ጅርቱ» ብሎ ሰላምታ የሚሰጥ ወንድ ተሰማ። እናቴ እጄን ጨምድዳ ያዘችኝ። አባቴ ግን ዲያብሎስ ሊያቋርጠው የመጣ መስሎት ድምፁን ከፍ አድርጎ ቀጠለ።

አሜን ብለን ስንገልጥ አቡጀዲው ላይ ሴቶች ውኃ ይቀዳሉ። እስከ መጨረሻው ጠበቅን፤ ኤሱማ አልተመለሰም። አባቴ ፊቱ ተለዋውጦ፣ ድገምልን ብሎ ሠራተኛውን ለመነው፤ ቤንዚኑ አልቋል፣ መኪናዋም ጠዋት ወደ ሌላ ከተማ ትሄዳለች።

ጎረቤታችን፣ ባለሱቋ እትዬ ዝናሽ፣ አላስቻላትም። እናቴን ሰው ሁሉ እንደሚጠራት፣ የለሊሴ እናት ብላ በእኔ ስም ጠርታ፣ «አንቺ ሃዳ ለሊሴ፣ አንድ ዓይንሽን ገለጥ ብታደርጊ እግዜር ይቆጣሻል? ስንቱን ቀጣፊ ችሎ!» አለቻት።

«ከጌታ ጋር እያወራሁ እንዴት ፊቴን ላዙር?» አለች እናቴ። ከዚያ ፈገግ አለች። «ደሞ መጥቷል እኮ። ድሮም ጉሮሮውን ሳይጠርግ አያወራም።»

የዚያን ምሽት የእራት ጸሎት፣ አባቴ በዕድሜው ካደረሳቸው ሁሉ አጭሩ ነበር።

ዛሬ እናቴም የለችም። ስልኬ በፎቶዎቿ ተሞልቷል፤ ነጠላዋን አስተካክላ፣ ለካሜራ ብላ ዝም ያለችባቸው ናቸው። እሑድ እሑድ ስንደዋወል ስንት ዓመት አወራችኝ፤ አንዱንም መቅዳት ትዝ አላለኝም። ፊቷን ባሰኘኝ ሰዓት አያለሁ። «ለሊሴ ኮ»፣ ለሊሴዬ፣ የምትለኝበት ድምፅ ግን ከዓመት ዓመት እየራቀኝ ሄዶ፣ አሁን አሁን የምሰማው በራሴ ድምፅ ነው።